ከወንበሩ ጀርባ

ጥቅምት 4

ዛሬም ቀድሞኝ ተነስቷል። ወደ ሳሎን ስወጣ የጠረጴዛ ጨርቅ ሲተኩስ አገኘሁት። እንግዳ የለ፣ በዓል የለ። ሰኞ ጠዋት ነው፣ እኔም ወደ ትምህርት ቤት ልሮጥ ነው።

ቂንጬ ሠርቼ ነበር። በግራ በኩል መጥቶ ሳህኑን አስቀመጠልኝና ከወንበሬ ጀርባ ቆመ።

"ተቀመጥ እንጂ ተገኘ።"

"ልምድ ነው።"

ጡረታ ወጥቶ ከመጣ ገና መስከረም ማለፉ ነው። ዕድሜውን አዲስ አበባ፣ ትልቁ ግቢ ውስጥ አሳላፊ ሆኖ፣ የአገር መሪ ማዕድ ሲያቀርብ ኖሮ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ እኔ ተመለሰ። መመለስ ይባላል ይሄ? በዓመት አንዴ ለፋሲካ ብቅ የሚል እንግዳ ነበር። አሁንም እንግዳ ነው። አይሄድም እንጂ…

ከክፍል ሲወጣ ጀርባውን አይሰጠኝም። ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የሚወጣው። ዛሬ የበሩ ደፍ አደናቅፎት ሊወድቅ ነበር። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

በሀዲይኛ ሳናግረው በአማርኛ ይመልስልኛል። ምላሱንም እዚያ ትቶት መጣ?

ጥቅምት 10

እሁድ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው ከበበው።

"ጋሽ ተገኘ፣ መሪዎች ምን ይበላሉ?"

"እንደ ሰው ነው።"

"ይቆጣሉ?"

"እንደ ሰው ነው።"

ሀሚዳ በኋላ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሱቋ ከእኛ አጥር ጋር የተያያዘ ነው፣ ከጎረቤትም በላይ ናት። "ይሄ ሰውዬ አፉን እዚያ አስይዞ ነው የመጣው" አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ቶሎ አለቀብኝ ግን።

ለእኔም ነግሮኝ አያውቅማ። "የቤቱ ወግ ነው፣ ያየነውን አናወራም" ይለኛል። ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ኖሮ በተሻለኝ እላለሁ አንዳንዴ። ሴትን ሄደው ይጣሏታል። ቤትን እንዴት ይጣሉታል? እኔ ግን ተክኜበታለሁ። ግቢውን እንደ ሰው ነው የምጠላው።

ጥቅምት 23

ልጃችን አቢጋኤል ከቦኖሻ መጣች። እዚያ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እንደገባች ቴሌቪዥን ከፈተች። ግቢው! ለጎብኚ ተከፍቶ እያሳዩት ነው። ወጣቶች ስልካቸውን ዘርግተው ራሳቸውን ፎቶ ያነሳሉ። የግብር አዳራሹ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ምንጣፉ…

"አባዬ፣ እዚህ ነበር የምትሠራው?"

ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ቆመ።

"ጫማቸውን አላወለቁም" አለ። "እኔ እዚያ ላይ በስስ ጫማ ነበር የምራመደው፣ ኮቴ እንዳይሰማ።"

"ሕዝቡ ነው አባዬ፣ ቲኬት ቆርጦ ነው የሚገባው።"

"በቲኬት? ማንም?"

"ማንም።"

ዞሮ ወጣ። ጀርባውን ሰጥቶን።

አሳዘነኝ። ለእኔ እንኳ ያልነገረኝን፣ ዕድሜውን ሙሉ እንደ እንቁላል ይዞት የኖረውን ነገር፣ ልጆች ቺፕስ እየበሉ ያዩታል። ልስቅ ነበር። አልቻልኩም።

ኅዳር 12

አፉ ተከፈተ! ለእኔ ሳይሆን ለሰው።

ዳይሬክተራችን ለተማሪዎች እንዲናገር ጋብዞት ዛሬ ሰልፍ ላይ ቆመ። ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን እንደ መስተዋት ወልውሎ። ተማሪ እንዲህ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም።

በንጉሡ ዘመን ግብር ሲገባ እንግዳ ሁሉ በማዕረጉ እንደሚቀመጥ፣ አጋፋሪው በር ላይ ቆሞ ማን ይግባ ማን ይቆይ እንደሚል፣ ንጉሡ ሲመገቡ መጋረጃ እንደሚጋረድ ተረከላቸው። ከዚያ ደግሞ… መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሳህኑ ዓርማ ይለወጣል፣ አሮጌው ሳህን ተጠቅልሎ ምድር ቤት ይወርዳል። አሳላፊዎቹ ግን እዚያው ናቸው። ለአንዱ ያጎነበሱ ለሌላው ያጎነብሳሉ። ይህን ሁሉ ያስተማሩት ጋሽ ዳኘ የሚባሉ ከንጉሡ ዘመን የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ሳህን በያዘ እጅ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ እያስቀመጡ ነበር አሉ የሚያለማምዱት።

"በሕይወትዎ ትልቁ ቀን የቱ ነው?" ብላ አንዷ ተማሪ ጠየቀችው።

አላመነታም። የሌላ አገር መሪዎች በመጡበት ግብዣ ላይ ከመሪው ወንበር ጀርባ እንዲቆም የተመረጠበት ቀን። "ከወንበሩ ጀርባ የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው" አላቸው። "እኔ የሌሞ ገበሬ ልጅ ነኝ።" ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ኮራሁ እንዲያውም።

የሰርጋችን ቀንስ? ልጆች የተወለዱ ቀንስ? ትልቅ አልነበሩም?

ኅዳር 20

ሶፎንያሴ።

በዛሬዋ ቀን ነው የሞተብኝ። በማጅራት ገትር። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አቢጋኤል ገና ድክ ድክ ከማለት አልፋ ነበር፣ አታስታውሰውም ማለት ይቻላል።

ሲያተኩሰው "አባቴን ጥሩልኝ" አለ። ሀሚዳ ቴሌ ሄዳ ወደ ግቢው ደወለች። ጠበቅን። አንገቱን ማዞር ሲያቅተውም እየጠበቅን ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ዓይኑን ይከፍታል። ምን ልበለው? "አባትህን ትልቁ ሰውዬ አልለቀቀውም" አልኩት።

"ትልቁ ሰውዬ ልጅ የለውም እንዴ?" አለኝ።

ተገኘ የመጣው ለፋሲካ ነው። ድንኳኑ ተነስቶ፣ ለቅሶው ተረስቶ… "እንግዳ ነበረ፣ ግቢው አልፈቀደልኝም" አለና መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያባበልኩት እኔ ነኝ። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ።

ዛሬ ቀኑን አስታውሶት ይሁን አይሁን አላውቅም። አልጠየቅኩትም። ጨርቅ ሲተኩስ ነው የዋለው።

ታኅሣሥ 12

ምን ብዬ ልጻፍ?

ጠና መጣ። ግቢው ውስጥ ከተገኘ ጋር አብሮ የኖረ ሹፌር ነው፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ አዲሎ ላይ ሱቅ ከፍቷል። የቤት ሰው ነው የሚመስለው፣ ከመቀመጡ ቀልድ ጀመረ። አተካና፣ የቡላውን ገንፎ፣ ሠራሁለት፣ ቅቤውን ሳልቆጥብ። እየበላ ያወራል። ተገኘ ውሃ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ።

"ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ የእናንተ ቤት የተባረከ ነው" አለኝ ጠና።

"እንዴት?"

"የሐዘን መኪናው ሹፌር እኔ ነበርኩ እኮ!"

አልገባኝም። አስረዳኝ። ከድሮ የመጣ የግቢው ወግ ነው አለ። ቤቱ ሐዘን የገባበት ወይም ሰው የታመመበት አሳላፊ ማዕድ አይነካም። ገዱ ጥሩ አይደለም ይባላል። እንደተሰማ ነጭ ጓንቱን አስወልቀው፣ መኪና ሰጥተው ይሸኙታል።

"እምቢ ቢል እንኳ ያስገድዱታል! እንግዳ መጣ አልመጣ፣ ወግ ወግ ነው። ስንቱን ወልቂጤ፣ ስንቱን ደሴ አደረስኩ መሰለሽ… ተገኘ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም። እቀናበት ነበር። 'አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ እሷም ጤነኛ ናት' ይለን ነበር።"

አንዲት ሴት ልጅ።

ተገኘ ጆጉን ይዞ ጓዳው በር ላይ ቆሟል። ሰምቷል። ፊቴን አየ።

"ጠና፣ መንገዱ ሳይመሽብህ" አለው።

የያዝኩትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቀስ ብዬ። እንዳይሰበር።

ታኅሣሥ 13

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አልጠየቀኝም። አልጠየቅኩትም።

ታኅሣሥ 14

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሀሚዳ ጋ ገባሁ።

"ሀሚዳ፣ ያኔ… ስትደውዪ ማን ነበር ያነሳው?"

"የቱን ያኔ?" ካለች በኋላ ገባት። "መጀመሪያ በረኛው። ከዚያ ተገኘን ጠሩት።"

"ራሱን አናገርሽው?"

"ራሱን። 'ልጁ አተኩሶታል፣ አንተን ይጠራል' አልኩት። 'እሺ፣ አስፈቅጄ እመጣለሁ' አለኝ። ነግሬሽ ነበር እኮ። ምነው ዓለሜ? ምን ሆንሽ?"

ነገርኳት። ደንበኛ ቆሞ እያለ ተነስታ ሱቁን ዘጋች፣ በጠራራ ፀሐይ። ውስጥ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሶፎንያስን ያጠበችው እሷ ናት። እኔ አቅም አልነበረኝም።

"አላህ ያውቃል" አለች በመጨረሻ። ሌላ ምን ትበል?

ታኅሣሥ 17

ጠየቅኩት።

ቁጭ እንዲል አደረግኩት። ሊቆም ሲል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት።

"አስፈቅደህ ነበር?"

የጠረጴዛውን ጨርቅ በመዳፉ አቃና።

"ተገኘ! አስፈቅደህ ነበር ወይ?"

"አልጠየቅኩም" አለ። በሀዲይኛ። ከመጣ ጀምሮ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ጋሽ ዳኘ በዚያው ሳምንት ነው የመረጡት። ከወንበሩ ጀርባ እንዲቆም። ያን ቦታ ያልተመኘ አሳላፊ አልነበረም፣ ደህና ቤተሰብ ያላቸው ልጆች ነበሩ የሚመረጡት። የእሱ አነጋገር ደግሞ ያስቃቸው ነበር አለ። ማዕድ ቤት ውስጥ እያስመሰሉ ይሳለቁበት ነበር። የሀሚዳ ስልክ ሲመጣ፣ ልጄ ታሟል ካለ ጓንቱን ሊያስወልቁት ነው። ሌላ ሰው ሊቆም ነው።

"ትኩሳት ነው ያለችኝ። ልጅ ሁሉ ያተኩሰዋል… ግብዣው እንዳለቀ እመጣለሁ አልኩ። ጋሽ ዳኘ 'ቤት ደህና ነው?' ብለው ጠየቁኝ፣ ከማዕድ በፊት ሁላችንንም ይጠይቁናል። ደህና ነው አልኩ።"

"ሲሞትስ? ያኔ ለምን አልመጣህም?"

"ዋሽቻለሁ እኮ! በዋሸ እጅ ማዕድ ቀርቧል። ቢያውቁ ያባርሩኝ ነበር። ምን ብዬ ልናገር?"

"ለእኔስ? ለእኔ ምን ብለህ ነው የተናገርከው?"

እጁን ተመለከተ። ንጹሕ እጅ። እንደ እሱ እጁ የጸዳ ወንድ በዚህ ከተማ የለም።

"ቤቱ ሊልክህ ነበር" አልኩት። "ቤቱ በመኪና ሊያመጣህ ነበር። እኔ ቤቱን ስረግም… ለልጄ ቤቱን ከስሼ… በር በር እያየ ነው የሞተው ተገኘ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም! አልነበርክም።"

አለቀሰ። አላባበልኩትም።

ታኅሣሥ 26

አቢጋኤል መጣች። አንተ ራስህ ንገራት አልኩት። እኔ አልነግርም። ዕድሜዬን ሙሉ በእሱ ፋንታ ስናገር ኖሬያለሁ።

ነገራት። እንደ ተከሳሽ ቆሞ። ሳታቋርጠው ሰማችው። ከሕመምተኛ ቤተሰብ ጋር ስትነጋገር እንዲህ ነው የምትሆነው መሰለኝ… ፊቷ አይነበብም።

ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው።

"አባዬ፣ እኔ ብሆንስ ኖሮ ያኔ የታመምኩት?"

አልመለሰም። መዋሸት አቅቶት ነው? ወይስ መልሱን ስለማያውቅ? ሁለቱም ከበዱኝ።

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለሰች።

ጥር 4

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል፣ እሱ ሳይነግራቸው አልቀረም። ጸለዩ። ከዚያ ይቅርታ፣ ይቅርታ… እኔስ ይቅርታን አላውቀውም? ልጆች አስተምር የለ?

"እህት ዓለሚቱ፣ ስንት ዓመት ያለፈ ነገር ነው" አለኝ አንዱ።

"ለእናንተ ነው ያለፈው" አልኩት። "እኔ የሰማሁት በታኅሣሥ ነው።"

ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ተገኘ ሲኒያቸውን አነሳ፣ በቀኝ በኩል፣ እንደ ወጉ። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ንዴት አይደለም። ይቅር እለው ይሆናል አንድ ቀን። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ግን ከእንግዲህ አልበላም።

ጥር 10

ሌሞ ሄደ፣ ወንድሙ ጋ። እዚያ የአባታቸው የእንሰት ማሳ አለ፣ ጠርዙ ላይ ባዶ ጎጆ አለች። ጋሪ ጠርቶ ሻንጣውን ጫነ። ሱፉን አልወሰደም።

"ልሂድ?" አለኝ።

ቆይ እንድለው ነበር የፈለገው። "መንገዱን ታውቀዋለህ" አልኩት። ክፉ ቃል ነው። አውቃለሁ። ግን አልጸጸተኝም።

ጥር 28

አቢጋኤል ሌሞ ሄዳ አየችው። ሳትነግረኝ። ደም ግፊቱን ለክታ፣ መድኃኒት ሰጥታው። "አባቴ ነው እማ፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ። እንሰት ሲፍቅ አገኘችው፣ እሱ፣ ወንድ ሆኖ፣ ሴቶቹ እየሳቁበት። እጁ ተላልጧል አለች።

ምንም አልተሰማኝም። ውሸቴን ነው። ተሰማኝ። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደስ ማለቱ አስጠላኝ።

የካቲት 16

ትናንት ግቢውን አየሁት።

የመምህራን ጉብኝት ተብሎ ስም ሲመዘገብ የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ሁሉም ገርሟቸዋል። ፀደንያ፣ የስድስተኛ ክፍሏ ወጣት መምህርት፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። "ጋሽ ተገኘ ለምን አልመጡም? ያስጎበኙን ነበር" አለችኝ። "ሥራ አለው" አልኳት።

በሩ ላይ ስደርስ ንዴቴ ይገነፍላል ብዬ ነበር። ምንም። ዛፍ፣ ግንብ፣ ሣር። አንድ አትክልተኛ ጎማ ይጎትታል። ስንት ዓመት ሙሉ የጠላሁት ይሄን ነው? ደጋግሜ ልጠላው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ማንንም አልከለከለም። ተገኘ ይሄን እንኳ ወሰደብኝ… የምጠላውን።

አስጎብኚዋ ወጣት ልጅ ናት፣ ፈጣን፣ ቃሏን አጥንታዋለች። ግብር፣ አጋፋሪ፣ መጋረጃ። ተገኘ ለልጆቹ ካወራው ያነሰ ነው። ከዚያ የግብዣ ፎቶዎች ወደተሰቀሉበት ግድግዳ አደረሰችን።

አየሁት። ፊት ለፊት የተቀመጡትን ማን ማን እንደሆኑ እንኳ አላስተዋልኩም። ከወንበሩ ጀርባ ቆሟል። ወጣት፣ ቀጭን፣ ነጭ ጓንት። እንዲስቅ አይፈቀድለትም፣ አይስቅም። ፊቱ ግን ይበራል። በሰርጋችን ቀን እንዲህ አልበራም። ከሥሩ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል። ኅዳር። ያ ኅዳር።

"ይሄ ማን ነው?" ብሎ አንዱ መምህር ጠየቀ፣ በጣቱ ተገኘን እያሳየ። በዚያ ዕድሜው አያውቁትም።

"አስተናጋጅ ነው፣ ስሙ አልተመዘገበም" አለች ልጅቷ።

"የሶፎንያስ አባት ነው" አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

"ሶፎንያስ ማን ነው እማማ?" አለችኝ።

ነገርኳት። አላስረዘምኩትም። ልጄ ነበር። ይሄ ፎቶ ሲነሳ ሆሳዕና ተኝቶ አባቱን ይጠራ ነበር። አባቱ እዚህ ነበር። አዳራሹ ድምፅ ያስተጋባል፣ ቀስ ብዬ ብናገርም ስሙ ጣሪያው ድረስ ሄደ። በዚያ ቤት ውስጥ ስሙ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። አባቱ አንድ ቀን እንኳ አልጠራውም።

ልጅቷ ያጠናችው ሁሉ ጠፋት። "ነፍስ ይማር" አለች። በር ላይ ሌላ ቡድን ይጠብቅ ነበርና ቆይታ "ወደሚቀጥለው ክፍል" አለችን። ሄድን።

ስንመለስ ፀደንያ ረጅም መንገድ እጄን ይዛ ተጓዘች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"ምን ዓይነት ልጅ ነበር?"

አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ ግቢው ነው። ስልኩ፣ በሩ፣ ትልቁ ሰውዬ… ስለ ልጄ ስጠየቅ የማወራው ስለ ግቢው! ስንት ዓመት እንዲህ ነበርኩ? በመስኮት ወደ ውጭ ዞርኩ። አፈርኩ።

ሆሳዕና ስንገባ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጋሪዎቹ ተደርድረው ሳይ፣ አንድ ነገር መጣልኝ። ለጋሪ ፈረሶች ስም ያወጣ ነበር። ለሁሉም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ በአንድ ሰላም እያላቸው ነው ቤት የሚደርሰው። አንዱን፣ ቡላውን፣ ቶሎ የሚቆጣውን፣ "መምህርት" ይለው ነበር። ወንድ ፈረስ ነው እኮ ስለው "ይሁን፣ አንቺን ይመስላል" አለኝ።

ለፀደንያ ነገርኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ እዚያው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ፣ ሰው ሊወርድ እየጠበቀ።

ሌላም ይመጣልኝ ይሆናል።